የአባባ ስክሪን ወደ ቀኝ ሸሽቶ

ቅዳሜ የአባባን ኮምፒውተር ፎርማት አድርጌ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነጻ ሲስተም ጫንኩበት። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ይህን አሮጌ ማሽን አይቀበለውም። አባባ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ናቸው፤ የመዋጮው መዝገብ በሙሉ ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መዝገቡን ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት።

መጫኑ ቶሎ አለቀ። ቀኔን የበላው ስክሪኑ ነው።

መጀመሪያ ሁሉም ነገር ወደ ጎን ተለጥጦ መጣ። ፊደሉ ወፍራምና ብዥ ያለ ነው። የሞኒተሩ ልክ 1440 በ900 ነጥብ (ፒክስል) ሲሆን፣ ሴቲንግ ውስጥ ግን ከ1024 በ768 የሚበልጥ ምርጫ የለም። ድራይቨሩ (ምስል የሚያወጣውን ክፍል የሚያሠራው ፕሮግራም) ነው ብዬ ስንት ሰዓት ለፋሁ! ጥፋቱ የገመዱ ነበር። ሞኒተር ልኩን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው እዚያው ሁለቱን በሚያገናኘው ቪጂኤ ገመድ ውስጥ ባሉ ሽቦዎች ነው። ርካሽ ገመድ ላይ እነዚህ ሽቦዎች አንዳንዴ የሉም። ምስሉ ይደርሳል፣ ልኩ አይደርስም። ከጎረቤት ገመድ ተውሼ ስሰካ 1440 በ900 ወዲያው ዝርዝሩ ውስጥ ወጣ።

ፊደሉ ጠራ፤ ምስሉ ግን ወደ ቀኝ ሸሸ። በግራ ሁለት ጣት የሚያህል ጥቁር ክፍተት፣ በቀኝ ደግሞ ጠርዙ ተቆርጧል። አባባ መነጽራቸውን አድርገው መጡ።

«ልጄ፣ ያልከፈሉትን የማይበት ዓምድ የት ገባ?»

«ትንሽ ይታገሱኝ አባባ፣ አልጠፋም።»

ሞኒተሩ ላይ አውቶ የሚል ቁልፍ አለ። ብጫነው ባሰበት። ቆይቶ ነው የገባኝ። ቪጂኤ አናሎግ ስለሆነ፣ ማለትም ምስሉን በቁጥር ሳይሆን ከፍ ዝቅ በሚል የኤሌክትሪክ ሞገድ ስለሚልክ፣ ሞኒተሩ የምስሉን ዳር የሚገምተው ብርሃኑ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ አይቶ ነው። እኔ ደግሞ ስክሪኑን የሞላሁት በጥቁር ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) ነበር። ዳሩን በምን ይለየው? ባዶ ነጭ ገጽ ከፍቼ በኤፍ 11 እስከ ጠርዝ ሞላሁትና አውቶን ደግሜ ተጫንኩ። ምስሉ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ቦታው ላይ ቁጭ አለ።

(በኤችዲኤምአይ ገመድ ቴሌቪዥን ላይ የምትሰሩ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ጠርዙን የሚቆርጠው ራሱ ቴሌቪዥኑ ነው፤ ምስሉን ስለሚያጎላው። መፍትሄውም እዚያው የቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ፣ የምስል መጠን የሚለው ላይ ነው።)

አባባ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። ያልከፈሉትን ከላይ ጀምረው በጣታቸው መቁጠር ያዙ።