ከፊት ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ስፌቱንና የተተከለውን ቆዳ እንዴት እንደያዝሁት

ቀጠሮዬ ከሐምሌ 5 በኋላ እንዲውል ሐኪሙን የለመንሁት በምክንያት ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመካከል ያሉት 25 ቀናት፣ ረቡዕና ዓርብ ሲቀሩ፣ እንቁላልና ወተት የሚበላባቸው ናቸው። ቁስል የሚጠገነው ደግሞ በፕሮቲን ነው። በዚያ ላይ ክረምት ሲሆን ፀሐዩ ይለዝባል፤ የጤፍ ውቂያው አልፏልና እብቅ የለም። የክረምት ክፉው እንጨቱ እርጥብ መሆኑ ነው፤ ጭሱ ይበረታል። ስለዚህ ከማድ ቤቱ ራቅ ያለ መኝታ አስቀድሜ አሰናዳሁ።

የተሠራልኝ ነገር ሁለት ነው። የጉንጬ የቃጠሎ ጠባሳ ተቆርጦ ወጣና ጠርዙ ተሰፋ፤ ጠባሳው ወደ ታች ስቦ የገለበጠው የታችኛው የዐይን ቆቤ ደግሞ ከተለቀቀ በኋላ ከጆሮዬ ጀርባ በተወሰደ ቆዳ ተሞላ። የሁለቱ አያያዝ አንድ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተሰፋው ቆዳ የራሱ ደም አለው። የተተከለው ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት የሚኖረው ከሥሩ በሚያዠው ፈሳሽ ብቻ ነው፤ ጥቃቅን የደም ሥሮች የሚገቡለት ከዚያ ወዲያ ነው። በእነዚህ ቀናት ጥቂት ከተንሸራተተ ወይም ከሥሩ ደም ከቋጠረ ይሞታል። በላዩ የሚታሰረው የጥጥና የጎዝ ድብልብል ለዚሁ ነው፤ አይነካም፣ አይረጥብም፣ በረዶም ሆነ ሙቅ ጨርቅ አይደረግበትም።

ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወዲያው አልተመለስሁም። እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሉ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት አለ። ከቆዳ ሥር ደም የሚቋጥረው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት በረሃው ላይ መገኘት አያዋጣም። የጉንጬ ክር በ6ኛው ቀን ወጣ፣ ድብልብሉ በ7ኛው ተፈታ፣ እኔ በ8ኛው ተሳፈርሁ። የፊት ክር ከ5 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይወጣል፤ ከዚያ ከዘገየ የክሩ ዱካ እንደ መሰላል ሆኖ ይቀራል። በጠዋት ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ፀሐይ በቀኝ ስለምትሆን በግራ በኩል ተቀመጥሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ሁለት ትራስ ላይ፣ ከጀርባዬ ሥር የታጠፈ ጋቢ አድርጌ፣ በጀርባዬ ተኛሁ። ወገብ ሳይደገፍ አንገት ብቻ ቀና ከተደረገ ሰው ሌሊት ተንሸራቶ ይወርዳል። እብጠቱ የሚብሰው በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ነው፤ ከዚያ ወደ አገጭ ይወርዳል። ብዙዎች ይህን አይተው አዲስ ሕመም የመጣ ይመስላቸዋል፤ የስበት ሥራ ነው። ቀዝቃዛ ጨርቅ ለ48 ሰዓት፣ በየሰዓቱ ከ15 ደቂቃ ሳይበልጥ፣ ግንባሬና ያልተሰፋው የጉንጬ ክፍል ላይ ብቻ አደረግሁ። የደነዘዘ ቆዳ በቅዝቃዜ ሲጎዳ አይናገርም። ለሕመሙ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ሁለት ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፤ በቀን ከ8 ፍሬ አያልፍም። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ደም ያቀጥናሉና ሐኪም ካላዘዘ አይወሰዱም። ለልብ አስፕሪን የሚወስድ ሰው ግን በራሱ አያቁም፤ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ቀስ እያለ የሚጨምር እብጠት ይጠበቃል። በአንድ በኩል ድንገት የሚወጠር፣ የሚጠነክር፣ ማስታገሻ የማያበርደው ሕመም፣ ወይም የዐይን ማየት መደብዘዝ ከመጣ ግን ሳይነጋ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ መግልና መጥፎ ሽታም እንዲሁ።

የተሰፋውን መስመር ከ2ኛው ቀን ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ አጠብሁ። አንድ ሊትር ውኃ፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ መተው ያስፈልጋል። በጥጥ እንጨት ቅርፊቱን አርሶ ማንሣት እንጂ መፋቅ አይገባም። ከዚያ ስስ ቫዝሊን፣ ከአዲስ ቆርቆሮ፣ ጣት ሳይነከር። ቅርፊት ሠርቶ ከሚደርቅ ቁስል ይልቅ እርጥበቱ የተጠበቀ ቁስል ቶሎ ይገጥማል። ለዐይኔ ሌሊት የታዘዘልኝን የቴትራሳይክሊን የዐይን ቅባት አደረግሁ፤ ቆቡ ገና ሙሉ በሙሉ አይከደንምና ዐይን ይደርቃል።

ከመድኃኒቱ ይልቅ የከበደኝ የቤቱ ወግ ነው። ጠያቂ ሁሉ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ጉንጭ ለመሳም ያጎነብሳል። ከመሄዴ በፊት ለእናቴና ለጎረቤት ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ብቻ እንድንሳለም ነገርኋቸው፤ በኋላ ሲነገር ያስቀይማል፣ አስቀድሞ ሲነገር ግን እነሱው ይጠብቁልሻል። ለ3 ሳምንት ስግደት ተውሁ፤ ጎንበስ ሲባል ደም ወደ ፊት ይጎርፋል። የንስሐ አባቴ በቁም ጸሎት እንዲተካልኝ ፈቀዱ። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ማንሣትና ምጣድ ላይ መቆምም አልነበረም። ፀበሉን ጠጣሁ እንጂ ቁስሉ እስኪገጥም ፊቴን አላስነካሁም። ራስ ቅቤ መቀባትም ቀረ፤ ወርዶ ስፌቱን ያቆሽሻል።

ምግቡ አያስቸግርም። ለ60 ኪሎ ሰው በቀን ከ75 እስከ 90 ግራም ፕሮቲን ይበቃል፦ ሦስት እንቁላል 18፣ ሁለት ብርጭቆ ወተት 16፣ መቶ ግራም ደረቅ ምስር 24፣ የቀረውን ሽሮውና እንጀራው ይሞላል። ጨው ግን ቀነስሁ፤ እብጠት ያቆያል።

ድብልብሉ ሲፈታ የተተከለው ቆዳ ሐምራዊ ወይም ሮዝ ከሆነ ይዟል ማለት ነው። ላዩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሊነሣ ይችላል፤ ያ አያስደነግጥም። ጥቁር፣ ደረቅና ጠንካራ ሆኖ ከቀረ ሞቷል፤ ሐኪም ይየው።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ሥራ ነው። ጠባሳ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ቀይ ይሆናል፣ ይጠነክራል፤ ያን ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ቆዳ የሚያነጣ ክሬም የሚቀባ ብዙ ነው፤ አደራ አይነካ። የተተከለ ቆዳ ይኮማተራል፣ የዐይን ቆቡንም መልሶ ይስበዋል። ስለዚህ ከ4ኛው ሳምንት ጀምሮ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ለ5 ደቂቃ ወደ ላይ፣ ወደ ዐይኑ አቅጣጫ ብቻ ገፋሁት። ቆዳው ከጣት ጋር ይሂድ እንጂ ጣት በላዩ አይንሸራተት።

ጠባሳ የሚያለሰልሰውን ሲሊኮን ጄል በ12ኛው ቀን መጀመሬ ስህተት ነበር። በስፌቱ ጫፍ የምስር ፍሬ የምታህል ያልገጠመች ቦታ ነበረች፤ ታፍና ነጭ ሆነች፣ አንድ ሳምንት አስጨመረችኝ። ሁሉም ከገጠመ በኋላ ግን ቢያንስ ለ3 ወር፣ ቀንና ሌሊት ይቀባል። ጠባሳው ከቁስሉ ድንበር አልፎ ማሳከክና ማበጥ ከጀመረ ኬሎይድ ነውና ጠባሳውን የሚያሳንሰው መርፌ በጊዜ ይጀመር፤ የእኛ ቆዳ ለዚህ ይቀርባል።

ፀሐይ አዲሱን ቆዳ ያጠቁራል፣ ደመና ቢኖርም። የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ በየ2 ሰዓቱ፣ ከላዩ ሰፊ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ። ነጠላ ብቻውን አይበቃም፤ ስስ ነው። በየወሩ በ1ኛው ቀን፣ በዚያው መስኮት አጠገብ፣ በዚያው ሰዓት ፎቶ አነሣሁ። የእርማት ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ጠባሳው ሳይበስል፣ ማለትም ከ12 ወር በፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ አይወሰንም፤ ሐኪሙም መጀመሪያ የጠየቀኝ እነዚያን ፎቶዎች ነበር።