የባዶው ክብደት

መጋዘናችን ኮምቦልቻ ነው፤ እኔ ከደሴ ሐረጎን እየወረድኩ ነው የምሠራው። አንድ ቀን ከመኪና ሚዛኑ ሎግ ፋይል፣ ማለትም ሚዛኑ እያንዳንዱን ምዘና ከሚመዘግብበት ፋይል፣ የወሩን ሙሉ (ከነጭነቱ ያለውን) ክብደት በየመኪናው እንዳወጣ ታዘዝኩ። መስመሩ ታርጋና ሰዓት ይዞ «ክብደት=38460» ይላል፤ ራቅ ብሎ ደግሞ «ክብደት=14220»። የመጀመሪያው ከነጭነቱ፣ ሁለተኛው ካራገፈ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ይይዝልኛል ብዬ «.*ክብደት=([0-9]+)» የሚል ሬጉላር ኤክስፕሬሽን፣ ማለትም ከጽሑፍ ውስጥ የተፈለገውን ቅርጽ ፈልጎ የሚያወጣ ቀመር፣ ጻፍኩ።

ነጥቧና ኮከቧ (.*) አብረው «ማንኛውም ፊደል፣ የፈለገውን ያህል» ማለት ናቸው፤ ኮከቧ ግን ስግብግብ ናት። መስመሩን እስከ ጫፉ ትውጥና የግድ ሲሆንባት ብቻ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ስለዚህ የያዘችልኝ የመጨረሻውን ነበር። ስህተት የሚል መልእክት አልመጣም፤ ቁጥሮቹም የመኪና ክብደት ይመስላሉ። ኃላፊዬ ሳያነቡ ፈረሙ።

ለሚዛን ቤቱ ፊርማ ስወስደው በዕድሜ አባቴ የሚሆኑት መዛኝ መነጽራቸውን አደረጉና ጣታቸውን በዓምዱ ላይ ቁልቁል አስኬዱ። ከመካከሉ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ መኪና ባዶውን ነው የገባው?»

«ኧረ ጭኖ ነው ጋሼ። ፕሮግራሙ ከፋይሉ ያለውን ነው ያወጣው።»

«ይህን እኔ ነኝ የመዘንኩት። አሥራ አራት ሺህ ኪሎ የራሱ የብረቱ ክብደት ነው።»

ፊቴ ጋለ። የእኔ መልስ ሐሰት አልነበረም፤ ቁጥሩ ፋይሉ ውስጥ አለ። እኔ ግን ሰውየውን ዝም ለማሰኘት ነበር የተናገርኩት።

ከኮከቧ ኋላ የጥያቄ ምልክት ጨመርኩ፤ «.*?» ሲሆን መጀመሪያ ያገኘው ላይ ይቆማል። ሮጬ አሳየኋቸው። ቁጥሩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አብሽር፣ ይሄ ልክ ነው። ጭኖ ሊሄድ የሚመጣውስ? እሱ እኮ መጀመሪያ የሚመዘነው ባዶውን ነው።»

አላሰብኩትም ነበር። ምሳ ሰዓታችንን ሙሉ አብረን ተቀመጥን፤ እሳቸው የመኪናውን አገባብና አወጣጥ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። በመጨረሻ ሁለቱንም ክብደት የሚይዝ «ክብደት=([0-9]+).*?ክብደት=([0-9]+)» ወጣ፤ ትልቁ የሙሉው፣ ትንሹ የባዶው፣ ልዩነቱ የተጣራው ጭነት።

የታረመው ሪፖርት ወደ ላይ ሲሄድ ግን ሸኚ ደብዳቤው «በኮምፒውተር ክፍሉ ጥረት ተስተካክሏል» ይል ነበር። የሚዛን ቤቱ ስም ይግባ ብዬ ጠየቅሁ፤ «አስፈላጊ አይደለም» ተባልኩ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ስክሪፕቱ (የፕሮግራሙ ጽሑፍ) ግን በእጄ ስለነበር ከመጀመሪያው መስመር በላይ የመዛኙን ስም ከነአባታቸው ጻፍኩበት።