«አሁን ክፈት» የምትለዋ ሳጥን

አንድ ፕሮግራም ተጭኖ ሲያልቅ በራሱ ይከፈት ወይስ ዝም ይበል? ትንሽ ጥያቄ ትመስላለች። የመጋዘን መዝገብ ሶፍትዌር እየሠራሁ ለሱቆች ስለምሸጥ ግን እኔን በደንብ ታሳስበኛለች።

ደንበኞቼ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ያሉ ባለሱቆች ናቸው። «ፊኒሽ» የሚለውን ተጭነው መስኮቱ ሲጠፋ፣ ባዶው ዴስክቶፕ ላይ አፍጥጠው ይቀራሉ። ቸርችል ጎዳና አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጡ አንድ እናት «ታዲያ የት ገባ፣ ልጄ?» ብለውኛል። «ስታርት ሜኑ ውስጥ ነው» ማለት ለእሳቸው መልስ አይሆንም። እንግዳ ጠርቶ በር ላይ ትቶት እንደመግባት ነው። ስለዚህ መጨረሻው ገጽ ላይ «አሁን ክፈት» የምትል ቼክ ቦክስ፣ ምልክት ተደርጎባት ትምጣ ባይ ነኝ። ያልፈለገ ያነሳታል። ሳይጠይቁ ዘው ብሎ መከፈት ግን አይመቸኝም።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። የምጠቀመው ኢኖ ሴትአፕን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ያለ፣ ኢንስቶለር (ፕሮግራምን ኮምፒውተር ላይ የሚጭን ፋይል) የሚሠራ መሣሪያ ነው። «ራን» በሚለው ክፍል የፕሮግራሙን ፋይል ጠቅሶ «ፖስትኢንስቶል» ማለት በቂ ነው፣ ሳጥኗ ትመጣለች። «ኖዌይት» የምትለዋም አትረሳ። እሷ ከሌለች ኢንስቶለሩ ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ድረስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ነገሩ የሚከረው በማን ስም ይከፈት የሚለው ላይ ነው። ኢንስቶለሩ «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ለመጻፍ የአድሚን፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው አካውንት፣ ፈቃድ ይፈልጋል። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ያቺ «ትፈቅዳለህ ወይ?» የምትል መስኮት ብቅ የምትለው ለዚህ ነው። ፈቃድ ያገኘ ኢንስቶለር እንዲሁ በቀጥታ የሚከፍተው ፕሮግራም ደግሞ ያንኑ ሥልጣን ይወርሳል።

ባለፈው ሳምንት ስታዲየም አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ተደወለልኝ። ገንዘብ ተቀባይዋ ጠዋት ፕሮግራሙን ስትከፍት ማታ የሞሉት ሁሉ የለም። የሱቁ ስም የለም፣ የፕሪንተሩ ምርጫ የለም። «ማን አጠፋው?» አለችኝ፣ ገና ሳልቀመጥ። ማንም አላጠፋውም። ማታ ፕሮግራሙ የተከፈተው በአድሚኑ ስም ስለነበር ሴቲንጉ የአድሚኑ አፕዳታ ፎልደር ውስጥ ተኝቷል፤ አፕዳታ ለየአካውንቱ የተለየ ነው። እሷ በራሷ አካውንት ስትገባ ያንን አታየውም። ማታውኑ የዕቃ ዝርዝር ያለበትን ኤክሴል ፋይል ጎትተው ሊጥሉበትም ሞክረው ነበር። ማውሱ የተሰረዘች ክብ ሆነባቸው እንጂ አልተቀበለም። ፎልደሩ በተራ ሥልጣን፣ ፕሮግራሙ በአድሚን ሲሆኑ ዊንዶውስ መጎተቱን ይከለክላል።

የሚገርመው፣ ኢኖ ሴትአፕ ይህን አስቦበታል። «ፖስትኢንስቶል» ያለበት መስመር ፕሮግራሙን የሚከፍተው መጀመሪያ ኢንስቶለሩን ባስነሳው ሰው ስም ነው። ታዲያ ምን ተፈጠረ? ፕሮግራሙን የጫነላቸው ቴክኒሻን ኢንስቶለሩን ራይት ክሊክ አድርጎ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብሏል። እንዲያ ሲጀመር ኢንስቶለሩ የፊተኛውን ሰው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ለምን እንዲያ እንዳደረገ ስጠይቀው «ለማንኛውም ብዬ ነው» አለኝ። አልፈርድበትም። የኛ ከተማ ቴክኒሻን እጁ ለምዷል፤ ስንት አስቸጋሪ ሴትአፕ በዚያች ክሊክ አልፏል።

የሰውን ልማድ ከመታገል ፕሮግራሙን ማስተካከል ይሻላል። የሱቁ ስም የሱቁ እንጂ የግለሰብ አይደለም፤ ስለዚህ ሁሉም አካውንት ወደሚጋራው ፎልደር፣ ወደ «ፕሮግራምዳታ» አዛወርኩት። ኢንስቶለሩ ላይ ለዚያ ፎልደር «ዩዘርስ ሞዲፋይ» የሚል ፈቃድ ጨመርኩለት። አለዚያ አድሚኑ የፈጠረውን ፋይል ገንዘብ ተቀባይዋ መለወጥ አትችልም። ፕሮግራሙም በአድሚን ሥልጣን መከፈቱን ካወቀ ከላይ ቢጫ መስመር ያሳያል፦ «ዘግተው በራስዎ አካውንት ይክፈቱኝ»።

የቀረኝ ማታ ማታ ራሱን የሚያድስበት ነገር ነበር። ያኔ ገጽም ሳጥንም የለም፣ ኢንስቶለሩ በዝምታ ነው የሚሠራው። ፕሮግራሙ ተመልሶ እንዲነሳ «ስኪፕ ኢፍ ኖት ሳይለንት» የሚል፣ በዝምታ ሲጫን ብቻ የሚሠራ ሌላ መስመር ጨመርኩ። እዚህ ላይ ደግሞ «ፖስትኢንስቶል» ስለሌለ ነገሩ ይገለበጣል፤ «ራን አዝ ኦሪጂናል ዩዘር» (ባስነሳው ሰው ስም ክፈት) ብዬ ካልጻፍኩ በአድሚን ይከፈታል። ጽፌዋለሁ።

አዲሱን ኢንስቶለር ቅዳሜ ከሰዓት በፍላሽ ይዤ ወደ ሱቁ እሄዳለሁ። ቴክኒሻኑም ይኖራል። ደብል ክሊክ ብቻ፣ ብዬ ቃል አስገብቼዋለሁ።