የልጆች ኳስ ቡድን ማናጀር፦ ቅዳሜ የሚበላሸው ነሐሴ ላይ ነው

አሜሪካ ውስጥ ልጁን ኳስ ያስመዘገበ ወላጅ፣ ውድድሩ ሊጀመር ሲል ከክለቡ አንድ መልእክት ይደርሰዋል፦ «ለቡድኑ ማናጀር የሚሆን ወላጅ እንፈልጋለን።» ደመወዝ የለውም። ብዙ ሐበሻ ወላጅ «ማናጀር» ሲባል የሚታየው አሰልጣኝ ወይም የክለብ ሥራ አስኪያጅ ስለሆነ «እኔ ኳስ ብዙም አላውቅ» ብሎ ያልፈዋል። የተፈለገው ግን አገር ቤት «ቡድን መሪ» የምንለው ዓይነት ሰው ነው። ማን ይሰለፍ፣ ማን ይቀየር የሚለው የአሰልጣኙ ጉዳይ ነው። ማናጀሩ የተሰለፈው ልጅ በስም፣ በዕድሜ፣ በወረቀትና በማሊያ ሕጋዊ ሆኖ በሰዓቱ ሜዳ ላይ መገኘቱን ያረጋግጣል። የእቁብ ዳኛ ወይም የእድር ጸሐፊ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ግማሹን ሥራ ከወዲሁ ያውቀዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ላይ የሚፈጠር ችግር፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ ከሳምንታት በፊት ሳይሠራ የቀረ ነገር ነው። የመጸው ውድድር የሚጀምረው መስከረም አካባቢ ስለሆነ ዋናው ሥራ ነሐሴ ላይ ማለቅ አለበት።

መጀመሪያ ወረቀት። ለእያንዳንዱ ልጅ የልደት ማስረጃ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ወላጅ የፈረመበት የሕክምና ፈቃድና የክለቡ ምዝገባ ያስፈልጋል። እነዚህ ሲሟሉ ልጁ በቡድኑ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ የተጫዋች ካርዱም ይወጣል። ካርድ የሌለው ልጅ ምንም ጎበዝ ቢሆን ዳር ቆሞ ያያል። የዝርዝሩ ብዛትም ገደብ አለው፦ ለ7 ለ7 ጨዋታ እስከ 12 ልጅ፣ ለ9 ለ9 እስከ 16።

እኛን በተለይ የሚያስቸግረን የልደት ቀን ነው። ከአገር ቤት የመጣ ሰነድ ላይ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊጻፍ ይችላል። ሐምሌ 20 ቀን 2006 የተወለደ ልጅ በቁጥር ብቻ 20/11/2006 ተብሎ ከተጻፈ፣ መዝጋቢው ኖቬምበር 20 ቀን 2006 ብሎ ያነበዋል። «ስምንት ዓመት ይጨመርበት» የሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ ኖቬምበር 20 ቀን 2014 ይሆናል። ትክክለኛው ጁላይ 27 ቀን 2014 ነው። የአራት ወር ልዩነት ቀላል ይመስላል፤ ግን የዕድሜ ምድብ ያስቀይራል።

ምክንያቱም የአሜሪካን የልጆች ኳስ ከሚመሩት ድርጅቶች መካከል ዩኤስ ዩዝ ሶከር፣ ዩኤስ ክለብ ሶከርና ኤዋይኤስኦ ከ2026-27 የውድድር ዘመን ጀምሮ የዕድሜ ምድቡን ከጃንዋሪ-ዲሴምበር ወደ ኦገስት 1-ጁላይ 31 ለመቀየር ወስነዋል። ኦገስት 1 በእኛ ሐምሌ 25 ነው። ስለዚህ ሐምሌ 24 የተወለደና ሐምሌ 25 የተወለደ ልጅ በተለያየ ምድብ ይወድቃሉ። ከላይ ያለው ልጅ በስህተቱ ከተመዘገበ ከሚገባው በአንድ ዓመት ዝቅ ባለ ምድብ ይጫወታል። ተቃራኒ ቡድን ክስ ካቀረበ ደግሞ ልጁ የተሰለፈበት ጨዋታ በፎርፌ ሊሄድ ይችላል፤ ልጁም ምንም ሳያጠፋ «አጭበርባሪ» ይባላል። መፍትሔው አጭር ነው፦ ቀኑን በአፍ ከመጠየቅ ከፓስፖርት ወይም ከኢሚግሬሽን ሰነድ ላይ ማንበብ፣ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስም መጻፍ፣ ከመላክ በፊት ለወላጅ አሳይቶ ማረጋገጥ።

የስም ነገርም አለ። የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ስለሆነ ከእናቱ ስም ጋር አይገጥምም፤ የአባቱ «የቤተሰብ ስም» ደግሞ የአያቱ ነው። ካርዱ ላይ ያለው የስም አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። የሕክምና ፈቃዱ ላይ ደግሞ ከስልኩ ጎን «እናት»፣ «አባት»፣ «አክስት» ተብሎ ዝምድናው ይጻፍ፤ አምቡላንስ መጥቶ ማን ምኑ እንደሆነ በዚያ ሰዓት ማስረዳት ከባድ ነው። አለርጂ፣ አስም፣ የኢንሹራንስ ቁጥር፣ ሁለት የአደጋ ጊዜ ስልኮች፤ ይህን ሁሉ በወረቀት ያትሙት። የስልክ ባትሪ የሚያልቀው ስልኩ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው።

ከአሜሪካ ውጭ የተወለደና 10 ዓመት የሞላው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘገብ ክለቡ ዓለም አቀፍ የምዝገባ ፈቃድ (ክሊራንስ) ሊጠይቅ ይችላል። ፊፋ ታዳጊዎች ከአገር አገር የሚዘዋወሩበትን ሁኔታ ስለሚቆጣጠር የመጣ ነው። የወላጆችን የሥራና የመኖሪያ ማስረጃ ማሰባሰብ ጊዜ ስለሚወስድ፣ አዲስ መጤ ቤተሰብ ካለ የመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ለእሱ ይሁን።

አዋቂዎቹም ወረቀት አላቸው። አሰልጣኝ፣ ረዳትና ማናጀር የወንጀል ሪከርድ ምርመራ ማለፍ፣ የሴፍስፖርት ሥልጠና (ልጆችን በስፖርት ውስጥ ከጥቃት ስለመጠበቅ የሚሰጥ) መውሰድና አብዛኛውን ጊዜ የአንጎል ጉዳት ሥልጠናም መጨረስ አለባቸው። በ2018 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ፣ በልጅ ላይ ጥቃት ደርሷል ብሎ የጠረጠረ ኃላፊ በ24 ሰዓት ውስጥ ሪፖርት እንዲያደርግ ያስገድዳል። ከዚህ ጋር የሚሄድ የዕለት ተዕለት ደንብ አለ፦ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን ሰው በማያይበት ቦታ አይሆንም፤ ለልጅ በቀጥታ ቴክስት ሲላክ ወላጅ ወይም ሌላ አዋቂ አብሮ ይገባበታል። «ሁላችንም ቤተሰብ ነን» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ የጨዋታ ፕሮግራም። ሊጎች መርሐ ግብር ከማውጣታቸው በፊት ቡድኑ መጫወት የማይችልባቸውን ቀናት ይጠይቃሉ፤ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አጭር ነው። የፈረንጅ ፋሲካን ብዙ ሊጎች ራሳቸው ይተዋሉ፤ የእኛን ማንም አያስታውስልንም። በ2027 የእነሱ ማርች 28 ሲሆን የእኛ ሜይ 2 ነው፤ ከአንድ ወር በላይ ይራራቃል። ቡድኑ ውስጥ አምስትና ስድስት ሐበሻ ልጅ ካለ ያንን እሑድ ቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል፤ ሙስሊም ቤተሰቦች ካሉም ኢድ እንደዚሁ። የመጠየቂያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ጨዋታ ማዛወር የተቃራኒውን ቡድን ፈቃድ፣ ባዶ ሜዳና ዳኛ ማግኘት ይጠይቃል፤ አንዳንድ ሊግ ቅጣትም ያስከፍላል።

ገንዘብ ላይ ጥብቅ ሁኑ። የቡድን ገንዘብ በማናጀሩ የግል ሒሳብ ውስጥ አይቀመጥም። ክለቡ የሚይዝልን ከሆነ ጥሩ፤ ካልሆነ ሁለት ፈራሚ ያለው የተለየ ሒሳብ ይከፈት። ምሳሌ እንውሰድ፦ የቶርናመንት መመዝገቢያ 900 ዶላር፣ የአሰልጣኝ ሆቴል ለሁለት ሌሊት 320፣ መጓጓዣ 140፣ ድምር 1,360። ለ13 ልጅ ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 105 ገደማ ይደርሳል። ከተመዘገበ በኋላ ሁለት ልጅ «አንመጣም» ካለ ለቀሪዎቹ 11 ልጆች ወደ 124 ያድጋል። ጭቅጭቁ የሚነሣው ከዚህች ልዩነት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ሳይሰበሰብ አይመዘገብም፤ ከፍሎ የቀረ ሰው ገንዘቡ እንደማይመለስም አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገረዋል። በየወሩ ገቢና ወጪውን ለሁሉም ላኩ፣ ባይጠየቅም። መክፈል የከበደው ቤተሰብ ካለ ደግሞ ለክለቡ በግል ይነገራል፤ ብዙ ክለቦች የክፍያ እርዳታ አላቸው። በግሩፕ ላይ «ያልከፈላችሁ» ብሎ ስም መዘርዘር ልጁን ከቡድኑ ያስቀራል።

ሳምንታዊው ሥራ ሲለመድ ቀላል ነው። ረቡዕ ማን እንደሚመጣ ይጣራል፤ 9 ለ9 ለሚጫወት ቡድን ከ11 ያነሰ ካለ አሰልጣኙ ያኔውኑ ይወቅ፣ ከክለቡ ሌላ ቡድን ልጅ መዋስ የሚፈቀድ ከሆነ ጊዜ ያገኛል። ሐሙስ ማታ አንድ መልእክት ይላካል፤ አሥር አይደለም። ውስጡ የሚኖረው የመድረሻ ሰዓት፣ አድራሻ ከሜዳ ቁጥር ጋር፣ የማሊያና የካልሲ ቀለም ነው። የጨዋታውን መጀመሪያ ሰዓት ብቻ ከጻፋችሁ ወላጅ በዚያ ሰዓት መኪና ማቆሚያ ይፈልጋል። በአማርኛ ስትጽፉ ደግሞ «ጠዋት 3 ሰዓት» አትበሉ። አንዱ 9፡00 ብሎ ይረዳል፣ አሜሪካ ያደገው ልጅ መልእክቱን ለራሱ ሲያነብ ሌላ ይለዋል። «በፈረንጅ 9፡00» ተብሎ ይጻፍ።

ቦርሳው ውስጥ ምን ይግባ? የታተሙ ካርዶችና ዝርዝር፣ የሕክምና ፈቃዶች፣ እስክሪብቶ፣ የኳስ መንፊያ ከነመርፌው፣ ሲጨመቅ የሚቀዘቅዝ የበረዶ ከረጢት አራት ያህል፣ ጓንት፣ ጋዝና ፕላስተር፣ ትርፍ ካልሲ፣ ትርፍ ማሊያ። ትርፍ ማሊያው ለተረሳበት ልጅ ብቻ አይደለም፤ ደም የነካው ማሊያ ለብሶ መጫወት ስለማይፈቀድ፣ አፍንጫው የደማ ልጅ ሌላ ቁጥር ለብሶ ለዳኛው ተነግሮ ይገባል። ኳሱ እስከ 8 ዓመት በታች ምድብ ቁጥር 3፣ ከ9 እስከ 12 ዓመት በታች ቁጥር 4፣ ከዚያ በላይ ቁጥር 5።

ሜዳ ላይ ከጨዋታው 45 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ከሁሉ በፊት የግቡን ብረት ግፉት። ተንቀሳቃሽ ግብ በአሸዋ ከረጢት ወይም በችካል ካልተያዘ በልጅ ላይ ይወድቃል፤ በዚህ የሞቱ ልጆች አሉ። ካልታሰረ ጨዋታው አይጀመርም። ከዚያ ልጆቹን አንድ በአንድ እዩ፦ የቅልጥም መከላከያው በካልሲ የተሸፈነ፣ ጆሮ ጌጥ የወለቀ። ጌጥን በፕላስተር መሸፈን በጨዋታው ሕግ አይፈቀድም፤ አዲስ የተበሳ ጆሮም ቢሆን።

ማተብ እዚህ ላይ ይመጣል። ዳኛው አንገት ላይ ያለ ክርና መስቀል ሲያይ እንደ ጌጥ ሊቆጥረው ይችላል፤ ልጁ ደግሞ በጥምቀት የታሰረለትን ክር በዳኛ ትእዛዝ ፊት ለፊት ሲበጠስ ማየት የለበትም። ውድድሩ ሳይጀመር ለሊጉ በጽሑፍ አስረድቶ የሃይማኖት ፈቃድ መጠየቅ፣ መልሱን አትሞ ቦርሳ ውስጥ መያዝ ያስፈልጋል። ፈቃድ ካልተገኘ ቤተሰቡ ቀድሞ ይወቀውና ቤቱ ተነጋግሮ ይወስን። ሜዳ ላይ ከዳኛ ጋር የሚደረግ ክርክር ልጁን ከማሸማቀቅ በቀር የሚያመጣው ነገር የለም።

ወላጆች የሚቆሙት ብዙውን ጊዜ ከቡድኖቹ ተቃራኒ ባለው መስመር ነው፤ ከግብ ጀርባ አይቆምም። የእኛ አባቶች «በቴስታ!» ብለው መጮኽ ይወዳሉ። አሜሪካ ውስጥ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ያለ ልጅ ኳስ በጭንቅላት መምታት ክልክል ነው፤ ሆን ብሎ ከመታ ለተቃራኒው ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ይሰጣል። ልጁ አባቱን ሰምቶ ቡድኑን ያስቀጣል። ይህን በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ላይ በአክብሮት መናገር ይበቃል፤ «ጋሼ፣ እዚህ ሕጉ እንዲህ ነው» ሲባል የሚቆጣ የለም። ስለ ልጁ የመሰለፍ ጊዜ ቅሬታ ያለው ወላጅ ደግሞ ከጨዋታው በኋላ 24 ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ ለብቻው አሰልጣኙን ያናግር።

ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ከደነዘዘ፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው ወይም ስንት ለስንት እንደሆኑ ካልመለሰ የዚያ ቀን ጨዋታው አልቋል። የሚመለሰው ሐኪም በጽሑፍ ሲፈቅድለት ነው። አሰልጣኙ ግብ ይፈልጋል፣ አባት «ደህና ነው፣ ጠንካራ ልጅ ነው» ይላል፣ ልጁም መግባት ይለምናል፤ በዚያች ደቂቃ «አይገባም» የሚል አንድ ሰው ያስፈልጋል፣ እሱም ማናጀሩ ነው። ነጎድጓድ ሲሰማም እንደዚሁ፦ ሁሉም ወደ መኪና፤ ዛፍ ሥርና ድንኳን ሥር መጠለል አይሆንም። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል፣ በመካከል አንድ ጊዜ ከተሰማ ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ ይቆጠራል።

ለዕረፍት የተከተፈ ብርቱካንና ውኃ በቂ ነው። ቆሎ የምታመጡ ከሆነ ኦቾሎኒ እንዳይኖርበት፤ የአለርጂው ዝርዝር ከሕክምና ፈቃዱ ላይ ይታያል። በዐቢይ ጾምና በረመዳን የሚጾሙ ልጆች ካሉ አሰልጣኙ ይወቅ።

ጨዋታው ሲያልቅ የተጫዋች ካርዶቹን ከዳኛው መልሳችሁ ተቀበሉ፣ በብዛት የሚረሳው ይህ ነው። ውጤቱን ሊጉ በወሰነው ሰዓት አስገቡ። ቀይ ካርድ ያየ ልጅ ካለ በየትኛው ጨዋታ እንደሚቀጣ ጽፋችሁ ያዙ፤ ሁለት ሳምንት ዝናብ ጨዋታ ከሰረዘ ማንም አያስታውሰውም፣ ቅጣቱን ሳይጨርስ ከተሰለፈ ደግሞ ፎርፌ ነው።

የውድድር ዘመኑ ሲዘጋ የተበደሩ ማሊያዎችና ኳሶች ይሰበሰባሉ፣ የሒሳቡ ቀሪ በነፍስ ወከፍ ይመለሳል ወይም በወላጆች ስምምነት ይተላለፋል፣ ለሚቀጥለው ማናጀር የስልክ ዝርዝርና የቀናት ሰሌዳ ይሰጣል። የሕክምና ፈቃዶቹና የልደት ሰነዶቹ ቅጂ ግን አይተላለፍም፤ ተቆራርጦ ይጣላል፣ ከስልክም ይጠፋል። አዲሱ ማናጀር በነሐሴ ከወላጆች እንደገና ይቀበላል።