ጳጉሜን 3 እና ማይፓይ

ዛሬ ባሕር ዳር የዋልንበት ሥራ፦ የዘጌ ጀልባ ትኬት መመዝገቢያ ኮድ ላይ ታይፕ (ዳታው ቁጥር ነው ጽሑፍ የሚል ምልክት) መጨመር።

ከፎርም የሚመጣ የተሳፋሪ ብዛት ስትሪንግ ነው፣ ማለትም ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ። ፓይተን ላይ "3"ን በ350 ብር ስታባዙት ስህተት አይልም፤ 3ን 350 ጊዜ ደርድሮ ይሰጣችኋል። ጃቫስክሪፕት 1050 ብሎ በትክክል ያባዛል፣ ስትደምሩት ግን "3350" ብሎ ይገጣጥመዋል። ዋጋውን የሚያሰላው ፈንክሽን ላይ ብዛቱን ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ብላችሁ ማይፓይን፣ ማለትም የፓይተን ታይፕ ቼከሩን፣ በስትሪክት (በጥብቁ አማራጭ) ካስኬዳችሁት ኮዱ ሳይሮጥ ስህተቱን ይይዘዋል። ታይፑን መጻፍ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ፓይተን ራሱ አይፈትሸውም። ከጄሰን (ፕሮግራሞች ዳታ ከሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) የገባ ዳታም "ኤኒ" (ማንኛውም ታይፕ) ስለሚሆን ቼከሩ ያሳልፈዋል፤ እሱን መግቢያው ላይ በፓይዳንቲክ (ኮዱ ሲሮጥ ዳታ በሚፈትሽ ላይብረሪ) አጣሩት።

የኛ ጉድ ግን ቀኑ ነው። ጳጉሜን 3፣ 2016ን በፓይተን ዴት (የፈረንጅ ቀን መያዣ) ብታስገቡ 13ኛ ወር የለም ብሎ ይወድቃል። ጥቅምት 30ም እንዲሁ፣ 2ኛ ወር ስለሆነ ፌብሩዋሪ መስሎት። እነዚህስ ደግ ናቸው፣ ጮኸው ነው የሚወድቁት። መስከረም 15፣ 2016 ግን ጃንዋሪ 15 ሆኖ ዝም ብሎ ይገባል! ለማይፓይ ሁሉም ሦስት ኢንት (ዓመት፣ ወር፣ ቀን) ስለሆነ አይይዘውም። ለኢትዮጵያ ቀን የራሱን ክላስ (የራሳችሁን ታይፕ) ሥሩለት፤ ያኔ ከፈረንጁ ጋር ስትቀላቅሉት ቼከሩ ያስቆማችኋል።

ኤክሴል ለማጽዳት አንዴ የምትጽፉት ሃያ መስመር ስክሪፕት? ታይፑን ተዉት።