ከገባ ይሠራል የሚላችሁን አትመኑ

ያገለገለ ሞዱላር (ኬብሎቹ ተነቅለው የሚወጡ) የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ልትገዙ ከሆነ ከዋቱ በፊት ስለ ኬብሉ ጠይቁ። ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ዋት ነው፤ ይህን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ሥራዬ አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ ገዛሁ። የዋቱ ሒሳብ ቀላል ነው፦ ካርዱ 170 ዋት ይፈልጋል፤ ማዘርቦርዱ እስከ 75፣ ባለ 8 ፒኑ ኬብል እስከ 150 ይሰጡታል። አምራቹ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል፣ እኔ ባለ 650 አገኘሁ። ከማዘርቦርዱና ከሲፒዩው ኬብል በቀር ግን ሌሎቹ ጠፍተዋል።

ስታዲየም አካባቢ ወዳለ አንድ ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ቴክኒሻኑ ከመደርደሪያ ሥር ካርቶን ጎትቶ ከተጠላለፈው መሀል ሁለት ኬብል መዘዘ፤ አንዱ የሃርድ ዲስክ፣ አንዱ የግራፊክስ ካርድ። «ይሄ እኮ የሌላ ብራንድ ነው» ስለው፣ «ወንድሜ፣ ከገባ ይሠራል፤ ስንቱን ገጥሜያለሁ» አለና መልሴን ሳይጠብቅ ሃርድ ዲስኩን ሰክቶ አበራው። ጠቅ አለ፤ ወዲያው የተቃጠለ ነገር ሸተተን። የደንበኛዬ የሠርግ ቪዲዮ ያለበት ዲስክ ነው። «መብራት ከፍ ዝቅ ብሎ ነው» አለኝ ዓይኔን እያየ። እዚያው ሶኬት ላይ የተሰካው ሞኒተር ምንም አልሆነም እኮ! ዲስኩ ከተቃጠለው በላይ እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ መልስ ነው።

ነገሩ ከመብራት ጋር አይገናኝም። ካርዱ ላይ የሚሰካው ጫፍ በሁሉም ብራንድ አንድ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ የሚሰካው ጫፍ ግን ወጥ ደረጃ የለውም፤ አምራቹ ሽቦዎቹን እንደፈለገው ይደረድራል። የአንድ ብራንድ ሁለት ሞዴሎች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። ለዲስኩ 5 ቮልት መምጣት ባለበት ሽቦ 12 ከመጣ አለቀለት።

ካርዱን ግን አላስነካሁም። የካርዱን ኬብል ቤት ወስጄ በቴስተር ለካሁ። ኬብሉን ፓወር ሰፕላዩ ላይ ብቻ ሰክቼ፣ የማዘርቦርዱ ኬብል ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር አገናኝቼ አስነሳሁት። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ከፓወር ሰፕላዩ ብረት ጋር አስነክቼ፣ በቀዩ የባለ 8 ፒኑን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ነካሁ። የጫፉ መቆለፊያ (ክሊፑ) ባለበት ረድፍ አራቱም ዜሮ መሆን አለባቸው፤ 12 ቮልት የሚመጣው በማዶው ረድፍ፣ በሦስቱ ነው። እኔ ጋ በመቆለፊያው በኩል 12 አነበበ። ያ ኬብል ካርዱ ላይ ቢሰካ ኖሮ ዲስኩን ሊከተል ይችል ነበር።

በኋላ መርካቶ የሞተ ተመሳሳይ ሞዴል ፓወር ሰፕላይ አገኘሁና ለኬብሎቹ ስል ገዛሁት። የራሱ መሆኑን እያወቅሁም ለካሁት፤ ሁሉም ቀዳዳ ልክ ነበር። «ዩኒቨርሳል ነው» የሚባል ሞዱላር ኬብል በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም። የሲፒዩውን ባለ 8 ፒን ኬብልም ለካርድ የሚያቀርብላችሁ ካለ እንቢ በሉት፤ የሱ 12 ቮልት በመቆለፊያው በኩል ነው፣ የካርዱ ተቃራኒ።

ካርዱ በደንብ እየሠራ ነው። ሱቁ የኬብሉን ብር መለሰልኝ፤ ለዲስኩ አምስት ሳንቲም አልከፈለም።