የቅሬው መዝገብና የበሩ ቁልፍ፦ የማኅበራዊ ሳይንስ ጥናት ዘዴ ስማር፣ አራተኛ ወር

ባለፈው ወር የጥናት ዘዴውን ከደብተር አውጥቼ ሰፈር ውስጥ እሞክረዋለሁ ብዬ ቃል ገብቼላችሁ ነበር። ሞክሬዋለሁ። 30 ሰው ጠየቅሁ፤ ዋናው ጥያቄ ላይ ሠላሳዎቹም አንድ ዓይነት መልስ ሰጡኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። ስህተቱ የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ዛሬ በዋናነት የማወራችሁም ስለሱ ነው።

አዲስ ለተቀላቀላችሁ፦ የምሠራው ደሴ፣ ፒያሳ፣ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩበት ወቅት ሲደርስ መጠይቅ እንደ ጎርፍ ይመጣል። «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ ለመወሰን እቸገራለሁ…» የሚለውን ሠንጠረዥ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳባዛሁት አላውቅም። አንድ ቀን 120 ቅጂ ያስነሳች ልጅ ሒሳብ ስትከፍል «ይኼን የሚሞሉልሽን ሰዎች እንዴት ነው የምትመርጫቸው?» ብዬ ጠየቅኋት። «መንገድ ላይ ያገኘሁትን ነዋ» አለችኝ። መልሷ ከነከነኝ፤ ማታ ማታ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፎችን በመለየት ነው ያሳለፍኳቸው። ለእኔ የረዳኝ ትርጉማቸውን መሸምደድ ሳይሆን ሁሉንም በአንድ ነገር፣ በቅሬያችን ላይ መሞከር ነው (ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን)። የምጣኔ ሀብት ሰው መዋጮውንና ወጪውን ይመለከታል፤ ቅሬውን እንደ መድን ያየዋል። የሶሲዮሎጂ ሰው ማን አባል ሆነ፣ ማን ውጭ ቀረ ይላል። የሥነ ሰብ (አንትሮፖሎጂ) ሰው ድንኳኑ ሥር ተቀምጦ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ለቅሶ እንዴት እንደሚደራረስ ያያል። የሥነ ልቦናው ሰው ሐዘንተኛው ልብ ውስጥ ያለውን፣ የፖለቲካ ሳይንሱ ደግሞ ማን እንደሚያዝና ማን እንደሚሰማ። ነገሩ አንድ ነው፤ የሚለያየው ጥያቄው ነው። ይኼ ከገባችሁ የቀረውን ፈጥናችሁ እለፉት። ፈረንሳዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ኤሚል ዱርካይም በ1897 እ.ኤ.አ. ራስን ማጥፋትን ያህል የግል የሚመስል ጉዳይ ከሃይማኖትና ከቤተሰብ ትስስር ጋር አያይዞ በቁጥር ማጥናቱን ግን አትዝለሉት። የግል ያልነው ነገር ውስጥ ማኅበረሰቡ እንዳለ ያሳየኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ ሙከራዬ። ጥያቄዬ «ሰው ሲታመም ወይም ሐዘን ሲደርስበት መጀመሪያ የሚደርስለት ማን ነው?» የሚል ነበር። መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው መጠየቅ ሁሉን የሚወክል ናሙና (ከብዙው መካከል ለጥናት የሚመረጡ ጥቂት ሰዎች) እንደማይሰጥ ስለተማርኩ በሥርዓት ልምረጥ ብዬ የቅሬያችንን ጸሐፊ መዝገቡን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። 90 ስም አለበት። ከ1 እስከ 3 ዕጣ አወጣሁ፣ 2 ወጣ፤ ከዚያ 2ኛው፣ 5ኛው፣ 8ኛው እያልኩ በየሦስቱ 30 ሰው ያዝኩ። ስልታዊ ናሙና የሚባለው ይኼ ነው። ቤት ለቤት ዞርኩ። መልሱ ሁሉ «ቅሬው ነዋ!» ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ሱቅ ቁጭ ብዬ ስለ 1936ቱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምርጫ አነበብኩ። ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባል መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ሰው ያህል ማንን እንደሚመርጥ የሚሞላበት ካርድ በፖስታ ላከ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተሞልቶ ተመለሰለት። በዚያ ተመክቶ ተፎካካሪው አልፍ ላንደን ያሸንፋል አለ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። መጽሔቱ አድራሻ የሰበሰበው በብዛት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ደግሞ ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። በዚያ ላይ ካርዱን ሞልቶ የመለሰው ካልመለሰው የተለየ ሰው ነበር። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሎፕ ግን እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተናገረ።

ወረቀቱን አስቀምጬ ደነገጥኩ። እኔስ ምን አደረግሁ? ከቅሬ መዝገብ ላይ ሰው መርጬ «የሚደርስላችሁ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ቅሬ ካላሉ ምን ሊሉ ኖሯል! ዕጣው ትክክል ነበር፣ ስሌቱም ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ዕጣው ከመውጣቱ በፊት በእጄ የያዝኩት ዝርዝር ነው። ማታ ወደ ቤት ስገባ የሰፈሬን በሮች መቁጠር ጀመርኩ። በአንድ ግቢ ውስጥ ብቻ ከባለቤቶቹ ጀርባ አምስት የተከራይ ክፍል አለ፤ ተማሪ፣ የሚኒባስ ረዳት፣ ጠዋት ጠዋት በሐረጎ ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ። አንዳቸውም መዝገቡ ላይ የሉም። መዝገቡ የአባወራና የእማወራ ነው። በየቀኑ ሰላም የምላቸውን ሰዎች ከሰፈሩ ቁጥር አውጥቻቸው ነበር።

ሁለተኛው ትምህርቴ ዕድሜ ላይ ነው። ቀላሉ ጥያቄ ይኼ ይመስለኝ ነበር። ከሠላሳው ሰው 17ቱ የነገሩኝ ዕድሜ በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ነው፤ አርባ፣ አርባ አምስት፣ ሃምሳ። በተፈጥሮ ከአምስት ሰው አንዱ፣ ማለትም 6 ሰው አካባቢ ነው መሆን የነበረበት። የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ይኼን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ የዊፕል መለኪያ የሚባል ማስሊያ አላቸው። ከ23 እስከ 62 ዓመት ያሉትን ወስዶ በ0ና በ5 ላይ ምን ያህል እንደተከመሩ ይለካል፤ ክምር ከሌለ 100፣ ሁሉም ክብ ቁጥር ላይ ከተቀመጠ 500 ይሆናል። የሰዉ ውሸት አይደለም። በልደት ቀን ያልኖረ ሰው ዕድሜውን የሚያውቀው በሌላ ነገር ነው።

ያንን ሌላ ነገር ማወቅ ነው ዘዴው። በቆጠራና በጤና ጥናት ላይ የአካባቢ ክስተቶች ዝርዝር ይዞ መውጣት የተለመደ ነው። እኔም ለደሴ የሚሆን አንድ ገጽ አዘጋጀሁ፦ የጣሊያን አውሮፕላን ከተማውን የደበደበበት 1928፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ የ66ቱ ድርቅና አብዮት፣ የ77ቱ ድርቅ፣ የ83ቱ የመንግሥት ለውጥ፣ የ1999ኙ ቆጠራ፣ ሚሊኒየሙ። አንዲት እማማ «ስልሳ ብለሽ ጻፊው ልጄ» ብለውኝ ነበር። «በ66 ልጅ ነበረዎት እማማ?» አልኳቸው። «ሁለት፤ ትንሿን አዝዬ ነበር» አሉ። አስቡት፤ በዚያን ጊዜ 20 ዓመት እንኳ ቢሆናቸው ዛሬ ከ70 አልፈዋል።

ግን ያን ካሉ በኋላ ዝም አሉ። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ያዘሏትን ልጅ የት እንደደረሰች መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር። እኔ አንድ ቁጥር ላስተካክል ብዬ ወሎ ውስጥ 66ን እንደ ቀን መቁጠሪያ ተጠቀምኩበት! ብዕሬን አስቀምጬ ቡናው እስከ በረካ ድረስ ሌላ ሌላ ስናወራ ቆየን። «አብሽሪ» ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ማጽናናት የነበረብኝ እኔ ሆኜ ሳለ። ቤት ስገባ ሁለቱን የድርቅ ዓመታት ከዝርዝሩ ሰርዤ በሠርግና በመጀመሪያ ልጅ ትምህርት ቤት መግባት ተካኋቸው።

የጥናት ሥነ ምግባርን ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ነው ያነበብኩት። አሜሪካ ውስጥ በተስኪጊ ከተማ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ወደ 600 የሚጠጉ ጥቁር ወንዶች ተጠንተዋል፤ 399ኙ የቂጥኝ በሽታ ነበረባቸው፣ እውነቱ አልተነገራቸውም፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም መድኃኒቱን ተከልክለዋል። ከዚያ ቁጣ በኋላ በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ስለ ጥናት ሥነ ምግባር የሚደነግገው የቤልሞንት ሪፖርት ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ሰውን ማክበር፣ ጥቅሙን ማስቀደምና ጉዳት አለማድረስ፣ ሸክሙንና ጥቅሙን በፍትሕ ማከፋፈል። የእኔ ደብተር ትንሽ ናት፤ ቢሆንም የሰዎቹን ስም ከመልሳቸው አጠገብ ጽፌ ነበር። ስሙን አውጥቼ በቁጥር ተካሁት፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚናገረውን ወረቀት ለብቻው ቆልፌበታለሁ።

መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት የእስማማለሁ ሠንጠረዥ በአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሰው በሬንሲስ ሊከርት ስም የሚጠራ ሲሆን የወጣውም በ1932 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለት ተቃራኒ ዓረፍተ ነገር አስገብቼ ሞከርኩት፦ «ቅሬው ለሁሉም እኩል ይደርሳል» እና ራቅ ብሎ «ቅሬው ለአንዳንዱ ያደላል»። አንድ አባት ለሁለቱም «እስማማለሁ» አሉ። ይዤ የመጣሁትን መቃወም እኔን መቃወም መስሏቸው ነው፤ ይሉኝታ ነው። «ኑሮ እንዴት ነው?» ላይም «አልሐምዱሊላህ» እና «እግዚአብሔር ይመስገን» እንጂ ሌላ አላገኘሁም። ምስጋና ነው፤ ኑሮውን አይለካልኝም።

ስለዚህ መተማመንንና መደራረስን በሐሳብ መጠየቅ ትቼ በሚደረግ ነገር ልጠይቅ ብዬ አሰብኩ። መነሻውን ያገኘሁት ባለፈው እሑድ ከዚያች ኮምቦልቻ ከምትሠራዋ ተከራይ ነው። «እኔ ብሞት ሬሳዬ ወደ አገሬ ነው የሚሄደው፤ ቅሬ ምን ያደርግልኛል» አለችኝ። «ብታመሚስ?» ስላት ወደ ቀጣዩ በር በአገጯ አመለከተችኝ። «እሷ ናት የምትገባልኝ፤ ቁልፌን የምተወውም እሷ ጋ ነው።»

አዲሱ መጠይቄ ከእስማማለሁ ሠንጠረዥ ይልቅ «ስትወጪ ቁልፍሽን ማን ጋ ትተያለሽ?» በሚለው ይጀምራል። ዝርዝሩም የቅሬው መዝገብ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ በሰፈሬ ያሉትን በሮች ሁሉ ግቢ በግቢ እየቆጠርኩ ነው። እስካሁን 140 ደርሻለሁ፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ይቀሩኛል።